የጋሌሪዮስ ቁስል፦ ድኖ ሁለቴ ያመረቀዘ የፊንጢጣ አካባቢ ሕመም (የጉዳይ ጥናት)

ሕመምተኛው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ ረጅም፣ አካሉ እጅግ ወፍራም የሆነ ወንድ ነው። በ310 እ.ኤ.አ. ገደማ ከብልቱ ዝቅ ብሎ ክፉ ቁስል ወጣበት። ሐኪሞች ቆርጠው አከሙት፣ ቁስሉም ገጠመ። ብዙም ሳይቆይ አመረቀዘ፤ የደም ሥር ፈነዳና ደሙ በስንት መከራ ቆመ። እንደገና ቆርጠው ጠባሳ እስኪይዝ አደረሱት፤ ሰውነቱን ትንሽ ሲያንቀሳቅስ ግን ከፊተኛው የባሰ ደም ፈሰሰው። ከዚያ ወዲያ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ መሞት ጀመረ። በቆረጡት ቁጥር ሰፋ፣ ወደ አንጀት ዘለቀ፣ ሽንትና ሰገራ መውጫቸው አንድ ሆነ። ከወገቡ በላይ አጥንቱ ገጦ፣ ከወገቡ በታች እንደ አቁማዳ ተነፍቶ በሜይ 311 ሞተ። ከመጀመሪያው ቁስል እስከ ሞቱ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ነው።

ይህ ሰው የሮም ንጉሠ ነገሥት ጋሌሪዮስ ነው፤ ከዲዮቅልጥያኖስ ጋር ክርስቲያኖችን ያሳደደው። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ የምታውቀው ዓመተ ሰማዕታት የሚነሳው ከዚሁ ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ፣ ከ284 እ.ኤ.አ. ነው። ጋሌሪዮስ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስደቱን የሚያቆም አዋጅ አወጣ፤ አዋጁ ኤፕሪል 30 ቀን 311 በኒቆሜዲያ፣ በዛሬይቱ የቱርክ ከተማ ኢዝሚት፣ ተለጠፈ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ክፍል ነው። እኛ ግን የምንመለከተው ቁስሉን ነው፤ ምክንያቱም የታሪኩ አካሄድ ዛሬም የቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚያስተናግዳቸው ሕመምተኞች ጋር ደረጃ በደረጃ ይገጥማል።

ምስክሮቹና የምስክርነታቸው ክብደት

ዋና ምስክሮቹ ሁለት ናቸው። ላክታንቲዮስ በኒቆሜዲያ የንግግር ጥበብ ያስተምር የነበረ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከጋሌሪዮስ ሞት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጻፈ። የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስም በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ስምንተኛ መጽሐፍ ላይ ሕመሙን ይገልጻል። ሁለቱም የሟቹ ጠላቶች ናቸው። ሁለቱም አሳዳጅ ንጉሥ በትል ተበልቶ ሲሞት ማየት የሚጠብቅ አንባቢ ነበራቸው፤ በሐዋርያት ሥራ 12፥23 የሄሮድስ አሟሟት ለዚህ አርአያ ነው። ስለዚህ ሽታው ከተማውን ሁሉ ሞላ የሚለውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

ነገር ግን ለስብከት የማይጠቅሙ ዝርዝሮች አሉ። ቁስሉ መጀመሪያ በሕክምና ገጠመ ማለት ለመለኮታዊ ቅጣት ታሪክ አይረዳም፤ ያዳክመዋል እንጂ። በትንሽ እንቅስቃሴ ጠባሳው ተቀዶ ደም ፈሰሰ የሚለውም፣ የላይኛው አካል ሲከሳ የታችኛው አበጠ የሚለውም እንዲሁ ናቸው። አውሳብዮስ ደግሞ በመጀመሪያ እብጠት በድንገት እንደታየ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቧንቧ መሳይ ቁስል እንደሆነና እስከ አንጀት እንደዘለቀ ይጽፋል። ከእባጭ ወደ ፊስቱላ፣ ከፊስቱላ ወደ አንጀት የሚለውን ቅደም ተከተል ከሐሳቡ የፈጠረው አይመስለንም። አካሚዎች ካዩት የተወሰደ ይመስላል።

የመጀመሪያው መዝጋት

በፊንጢጣና በብልት መካከል የሚወጣ መግል የቋጠረ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በፊንጢጣው ውስጥ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች ይደፈናሉ፣ መግል ይቋጥራሉ፤ ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ ይድናል። ከነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ግን ምንጫቸው ከላይ ነው። የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ሬክተም የሚባለው 15 ሴንቲሜትር ያህል ክፍል፣ የታችኛው እኩሌታው በሆድ ዕቃ ሽፋን አልተጠቀለለም። በዚያ ቦታ ያለ ካንሰር ግድግዳውን በስቶ ሲወጣ ሰገራው የሚፈሰው ወደ ሆድ ዕቃ ሳይሆን ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ወዳለው ስብ ነው። ሕመምተኛው ሆዱን አያመውም። መቀመጫው ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ እባጭ ነው ተብሎ ይከፈታል።

ቆዳው ገጥሞ ውስጡ ክፍት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መግሉ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ጤነኛ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ይጋጠማል፤ ከላይ ያለው ቀዳዳ ግን በየቀኑ ባክቴሪያ ይልካል። የጋሌሪዮስ ሐኪሞች ባላቸው መሣሪያ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፣ ቁስሉን አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ ገጣጥመውታል። የጎደላቸው ወደ ላይ የሚያዩበት መንገድ ነበር።

ዛሬ ያ መንገድ አለ፣ የመጀመሪያውም ጣት ነው። ጓንት የለበሰ አመልካች ጣት ከፊንጢጣው ጫፍ ወደ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ በዝቅተኛው ክፍል ያለ ካንሰር እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ጠርዙ የተነሳ፣ መካከሉ የተቦረቦረ ሆኖ ይዳሰሳል፣ ጓንቱም ደም ይዞ ይወጣል። እባጭ ለመክፈት ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ሳይነቃ ይህ ምርመራ መደረግ አለበት፤ ነቅቶ ሳለ በሕመሙ ምክንያት አይፈቅድምና። ከእባጩ ግድግዳና ከቁስሉ ጠርዝ ቢያንስ ከሦስትና ከአራት ቦታ ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ (በአጉሊ መነጽር ሥጋ ለሚመረምረው ክፍል) ይላካል፤ መካከሉ የሞተ ሥጋ ስለሆነ ከዚያ ብቻ የተወሰደ ናሙና ካንሰሩን ይስታል። በአገራችን ከፊንጢጣ የሚፈስ ደም ሁሉ ኪንታሮት እየተባለ ወራት የሚያልፉበት፣ አንዳንዴም በሚያቃጥል መድኃኒት የሚታከምበት ልማድ ስላለ ይህን በጥብቅ እንላለን፦ ሁለተኛ ጊዜ የከፈተ የፊንጢጣ አካባቢ ቁስል ውስጡ በጣትና በናሙና ሳይታይ መዘጋት የለበትም።

ደሙ

ሁለቱ መድማቶች የተለያዩ ናቸው ብለን እናስባለን። የመጀመሪያው የደም ሥር ፈንድቶ ነው፤ ካንሰርም ሆነ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን የደም ሥርን ግድግዳ ይበላል። ሁለተኛው የመጣው በጥቃቅን እንቅስቃሴ ነው። ጤነኛ ጠባሳ እንዲህ በቀላሉ አይቀደድም፤ ከሥሩ ዕጢ ያደገበት ጠባሳ ግን ስስና ተሰባሪ ነው፣ አዲሶቹ የደም ሥሮችም ጡንቻ የሌላቸው ስለሆኑ ሲቀደዱ ተኮማትረው ራሳቸውን አይዘጉም። ላክታንቲዮስ ከዚህ በኋላ ሕመምተኛው እንደገረጣና እንደመነመነ ይጽፋል፤ የደም ማነስና የካንሰር ክሳት አብረው ሲሄዱ የሚታየው ይኸው ነው።

እንዲህ ዓይነት ደም ዛሬ በመጀመሪያ በቁስል ጨርቅ (ጋዝ) ጥቅል ተጭኖ ይያዛል፤ ሄሞግሎቢኑ ከ7 ግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ደም ይሰጣል። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ ይረዳል፤ ሽንቱ ደም ካለበት ግን የረጋ ደም ፊኛውን ስለሚዘጋ አይመረጥም። ዕጢው ራሱ የሚደማ ከሆነ ጨረር ያቆመዋል፦ አንድ ጊዜ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ ወይም 20 ግሬይ በ5 ቀን ተከፋፍሎ። የሚደማን ዕጢ ደጋግሞ በመርፌና በክር መስፋት አያዋጣም፤ ክሩ ሥጋውን እየበጠሰ ይወጣል።

ጋንግሪኑ

የላክታንቲዮስ ጽሑፍ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፦ ቁስሉ መድኃኒት አልሰማ አለ፣ በአካባቢው ያለውን ሥጋ ሁሉ ያዘ፣ በቆረጡት ቁጥር ሰፋ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አልፍሬድ ፉርኒዬ በ1883 ፓሪስ ውስጥ የገለጸውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው የብልት አካባቢ ጋንግሪን (የሥጋ መሞት) ይህን ይመስላል። በአንድ ነጥብ ግን ይለያል። ፉርኒዬ የገለጸው በጤነኛ ወጣት ላይ በድንገት የሚወድቀውንና በፍጥነት የሚዛመተውን ነው፤ የጋሌሪዮስ ግን ጠባሳ ከያዘ አሮጌ ቁስል ተነሥቶ ወራት ቆየ። ያልታከመ ፈጣን ጋንግሪን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ በዚህ ሕመምተኛ ላይ ኢንፌክሽኑ ተደራቢ እንጂ ብቸኛ በሽታ አልነበረም የሚለው ግምት ይበረታል።

ሥጋው እየተቆረጠ የሚሰፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባክቴሪያዎቹ የተቀላቀሉ ናቸው፦ ከአንጀት የመጡ ኢ ኮላይና ባክቴሮይዲስ፣ ከቆዳ የመጡ ስትሬፕቶኮከስ፣ አንዳንዴም ክሎስትሪዲየም። ኦክስጅን የሚወዱት ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ኦክስጅን የማይወዱት በተለቀቀላቸው ቦታ ይራባሉ። የሚጓዙት ከቆዳ ሥር፣ በስቡና በጡንቻው መካከል ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። በፔሪኒየም፣ ማለትም በፊንጢጣና በብልት መካከል ባለው ሥፍራ፣ ያለው የኮሊስ ሽፋን ከቆለጥ ከረጢት ሽፋን ጋር፣ ከዚያም ከሆድ ግድግዳ ሽፋን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከፊንጢጣ አጠገብ የጀመረ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ እስከ እምብርት ሊደርስ ይችላል። በመንገዱ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች በረጋ ደም ይደፈናሉ፤ ቆዳው የሚሞተው ከሥሩ ሽፋኑ ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ የጠቆረውን ቆዳ ብቻ የቆረጠ ሐኪም ከበሽታው ጠርዝ ብዙ ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። የዘር ፍሬዎቹ ግን ደማቸውን ከሆድ ውስጥ በተለየ የደም ሥር ስለሚያገኙ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ፤ ከረጢቱ ሁሉ ሲወገድ እነሱ በጤና ተንጠልጥለው ይገኛሉ።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ የበረታ፣ ቆዳው የደፈረሰ ወይም ሲጫኑት ከሥሩ ንፋስ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የምስል ምርመራ እየተጠበቀ ሰዓት አይባክንም። የላቦራቶሪ ነጥብ ይረዳል፦ ሲአርፒ የሚባለው በደም ውስጥ ያለ የብግነት ምልክት ከ150 ሚሊግራም በሊትር በላይ 4 ነጥብ፣ ሶዲየም ከ135 በታች 2 ነጥብ፣ ሄሞግሎቢን ከ11 በታች 2 ነጥብ፤ ከነጭ የደም ሴል፣ ከኩላሊት ልኬቱ ከክሬአቲኒንና ከስኳር ጋር ተደምሮ 6 ከደረሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ዝቅ ያለ ነጥብ ግን በሽታውን አያስቀርም። ጥርጣሬ ካለ በቦታ ማደንዘዣ 2 ሴንቲሜትር ያህል ተቀድዶ ጣት ይገባል፤ ደም ካልወጣ፣ እጣቢ የመሰለ ግራጫ ውሃ ከፈሰሰ፣ ሥጋውም ያለ ኃይል ከሽፋኑ ከተላቀቀ ምርመራው አልቋል፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።

በዚያው ሰዓት ደም ለባክቴሪያ ምርመራ ይወሰዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ ግራም ክብደት 30 ሚሊሊትር ፈሳሽ ይሰጣል፤ አማካይ የደም ግፊቱ 65 ካልደረሰ ግፊት የሚያነሣው ኖርአድሬናሊን ይጀመራል። ፀረ ባክቴሪያው ፒፐራሲሊን ታዞባክታም 4.5 ግራም በየ6 ሰዓቱ ከቫንኮማይሲን ጋር ነው። ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ካልተገኘ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱና ቫንኮማይሲን። ክሊንዳማይሲን 900 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ የሚጨመረው ባክቴሪያው መርዝ እንዳያመርት ለመከልከል ነው። ይህ ሁሉ ግን ደም ወደማይደርስበት የሞተ ሥጋ አይደርስም። መድኃኒት ሰጥቶ ነገ እናየዋለን ማለት ሕመምተኛውን የሚያሳጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆረጣው የሚቆመው ከጠርዙ ደም ሲንጠባጠብና ሽፋኑ በጣት አልላቀቅ ሲል ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ጥሩ ቢመስልም ተመልሶ ይከፈታል፤ አዲስ የሞተ ሥጋ እስኪጠፋ ድረስ በየ24 እስከ 48 ሰዓቱ ይደገማል። የጋሌሪዮስ ሐኪሞች የቆረጡት ሥጋ እንደገና የሞተው ከዚህ ጠርዝ ባለመድረሳቸው ሊሆን ይችላል፤ ያለ ማደንዘዣ በነቃ ሰው ላይ፣ ያውም ሊያስገድላቸው በሚችል ንጉሥ ላይ፣ እዚያ ድረስ መሄድ ከባድ ነው። አውሳብዮስ እንደሚለው ሽታውን መቋቋም ያቃታቸው ሐኪሞች ተገድለዋል፣ ማዳን ያልቻሉትም እንዲሁ።

ቁስሉ በየቀኑ በሰገራ የሚታጠብ ከሆነ ግን የትኛውም ቆረጣ አይጸናም። ኮሎስቶሚ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በግራ ሆድ በኩል ወደ ውጭ አውጥቶ ሰገራውን ማዞር፣ በሬክተም ካንሰር ለተነሣ ጋንግሪን ዋናው መፍትሔ ነው። ሰገራ የሚቀበል ቱቦ በፊንጢጣ ማስገባት ለሌሎች ሊበቃ ይችላል፤ ዕጢ ባለበት ሬክተም ውስጥ ግን ደም ያስነሣል። ለሬክተም ካንሰር ተብሎ አንጀት ወደ ውጭ የወጣው መጀመሪያ በ1776 በፈረንሳይ ሩዋን፣ በፒሎር እጅ ነው፤ ጋሌሪዮስ ከሞተ ከ1,460 ዓመታት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

ስለ ትሎቹም አንድ ነገር እንበል። የሞተ ሥጋ በሞቃት አገር ክፍት ከሆነ ዝንብ ዕንቁላሏን ትጥልበታለች፣ እጩም በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ሐኪሞቹ የተቀቀለ ትኩስ ሥጋ ቁስሉ ላይ እያስቀመጡ ትሎቹን ወደ ሥጋው ለማውጣት መሞከራቸው ሊናቅ አይገባም፤ ትሎቹ በእርግጥም በብዛት ወጥተዋል። የአንዳንድ ዝንብ እጭ የሞተውን ብቻ እየበላ ጤነኛውን ይተዋል፤ በንጽሕና የተራባ የአረንጓዴ ዝንብ እጭ ዛሬም በአንዳንድ አገር ቁስል ለማጽዳት ይታዘዛል።

ካንሰር ነበር ወይ?

ያለ ናሙና እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ የብልት ካንሰርና ለዓመታት የቆየ ፊስቱላ ብቻውንም በዝርዝሩ ውስጥ ይቀራሉ። እኛ ወደ ሬክተም ካንሰር የምናዘነብለው በሦስት ምልክቶች ነው። አንደኛ፣ የሽንትና የሰገራ መውጫ መቀላቀል በሬክተምና በሽንት መስመር መካከል ያለው ግድግዳ እንደተበላ ያሳያል። የብልት ካንሰር ከፊት ጀምሮ እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለው፤ የሬክተም ዕጢ ግን ከፕሮስቴትና ከሽንት ፊኛ የሚለየው የጥቂት ሚሊሜትር ሽፋን ነው። ሁለተኛ፣ የሁለቱም እግሮች ማበጥ፦ በዳሌ ውስጥ ያደገ ዕጢ የሊምፍ ፈሳሽንና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይዘጋል፣ በረሃብና በኢንፌክሽን የወረደው አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲንም ያባብሰዋል። ሦስተኛ፣ በዓመት ውስጥ ከውፍረት ወደ አጥንት መድረስ። በዛሬ አመዳደብ ይህ ሌላ አካል ውስጥ የገባ፣ ቲ4ቢ የሚባለው ደረጃ ነው።

ከታች በኩል ብቻ መቁረጥ ይህን በሽታ እንደማያጠፋው በቁጥር ያሳየው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ ነው። በፔሪኒየም በኩል ካንሰሩን ካወጣላቸው 57 ሕመምተኞች በ54ቱ ተመለሰባቸው። የሞቱትን አስከሬን ሲመረምር በሽታው ከላይ፣ ከታች እጁ በማይደርስበት የአንጀት ማንጠልጠያና የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው፤ በ1908 ሆድንና ፔሪኒየምን በአንድ ላይ ከፍቶ የሚያወጣበትን ዘዴ አሳተመ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከጋንግሪኑ ከተረፈ ወዲያው ወደ ኬሞቴራፒ አይገባም። ነጭ የደም ሴሉ በመድኃኒቱ ሲወርድ ያልጠገገው ቁስል እንደገና ይመርዘዋል። መጀመሪያ ቁስሉ ቀይ ሥጋ እስኪያበቅል ይጠበቃል፤ በ125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚስብ የቫኩም ፋሻ ካለ ይፋጠናል፤ ቀጥሎ ቆዳ ይተከላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የዳሌ ኤምአርአይ፣ የደረትና የሆድ ሲቲ፣ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) እና ሲኢኤ የሚባለው በደም የሚለካ የካንሰር ምልክት ይሠራሉ። ከዚያ ጨረር፦ ወይ 50.4 ግሬይ በ28 የሕክምና ቀን ከካፔሲታቢን 825 ሚሊግራም በሰውነት ስኩዌር ሜትር ቀን ሁለቴ ጋር፣ ወይ 25 ግሬይ በ5 ቀን ሆኖ ከ12 እስከ 18 ሳምንት ኬሞቴራፒ ይከተለዋል። ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን፣ የነካውን ፕሮስቴት ወይም ፊኛና የድሮውን የቁስል መንገድ በአንድነት የሚያወጣ መሆን አለበት፤ መግል በሄደበት ሁሉ የካንሰር ሴልም ሄዷልና ጠባሳው ከተተወ ከዚያው ይበቅላል። ባዶ የቀረው ዳሌ ከሆድ በመጣ ጡንቻ ካልተሞላ መግል ይቋጥራል።

ሲመለስ

ግድግዳ በስቶ የወጣ ካንሰር በደንብ ወጥቶም የመመለስ ዕድሉ ካልበሳው ይበልጣል፣ አብዛኛውም የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው። ስለዚህ ሲኢኤ ለ2 ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ይለካል፤ ሲቲ በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ኮሎኖስኮፒ በዓመቱ። ሕመምተኛው ከማንኛውም ምርመራ ቀድሞ የሚያውቃቸው ምልክቶች አሉ፦ ሲቀመጥ የሚያመው አዲስ ሕመም፣ ወደ ጭን የሚወርድ ውጋት፣ የደረቀ ጠባሳ እርጥብ መሆን፣ የአንድ እግር ማበጥ። አዲስ እባጭ የመሰለ ነገር በጠባሳው ላይ ከታየ ከመከፈቱ በፊት ኤምአርአይ፣ ሲከፈትም ናሙና።

የተመለሰው ሊወጣ የሚችል ከሆነ፣ ማለትም በጎን በኩል ከትልልቁ ነርቭና የደም ሥር፣ ከኋላም ከላይኛው የሳክረም (የዳሌ ጀርባ) አጥንት ካልተጣበቀ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ዓላማው ፈጽሞ ማዳን ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ሥራው ሥቃይን መቀነስ ነው፣ በዚህም ብዙ ይቻላል። ሽንቱ ወደ ቁስሉ የሚፈስ ከሆነ በጀርባ በኩል ኩላሊቱ ውስጥ ቱቦ ይገባል። ሽታው የሚመጣው ኦክስጅን ከማይወዱት ባክቴሪያዎች ስለሆነ ሜትሮኒዳዞል እንክብል ተፈጭቶ ወይም በጄል መልክ በየቀኑ ቁስሉ ላይ ሲደረግ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ከጋዙ ላይ የከሰል ፋሻ ሲጨመር ቤተሰብ አብሮት መቀመጥ ይችላል። ለሕመሙ የሚዋጥ ሞርፊን 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ይጀመራል፣ ለአረጋዊ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ 2.5 ሚሊግራም። በመካከል ለሚነሣ ሕመም ተመሳሳይ መጠን ይፈቀዳል፤ የቀኑ ድምር በማግስቱ ተሰልቶ መደበኛው መጠን ከፍ ይላል። ፋሻ ከመቀየሩ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንድ ተጨማሪ መጠን ይሰጣል።